«ሰይጣን አሳሳተኝ»፦ ሰው ሰውን ለምን ይገድላል? የአንጎልና የሥነ ልቦና ማብራሪያዎች

ጦሳ_ሥር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ከደሴ ችሎት እስከ ቆቦ የሽምግልና ዛፍ ጥላ ድረስ፣ ሰው የገደለ ሰው «ምን ነካህ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ሰይጣን አሳሳተኝ»። ጎረቤት ደግሞ በበኩሉ «ድሮስ ዘራቸው አይደል!» ይላል። አንዱ ምክንያቱን ከሰውየው ውጭ ያደርገዋል፣ ሌላው ደሙ ውስጥ ይቀብረዋል። ሁለቱም በጥናት ተፈትሸዋል፤ ሁለቱም እንደተባሉት አልቆሙም።

መነሻዬ የራሳችን ቋንቋ ነው። አማርኛ ደም ፍላትንና ቂምን ለይቶ ያውቃል። ደሙ የፈላ ሰው በቅጽበት ያደርገዋል፣ ሲበርድለት ሬሳው ላይ ወድቆ ያለቅሳል። ቂመኛ ግን ይስቃል፣ ቡና አብሮ ይጠጣል፣ ቀን ይጠብቃል። ተመራማሪዎችም ጠበኝነትን እንዲሁ ለሁለት ይከፍሉታል፦ ለተነካ ነገር የሚሰጥ ምላሽ፣ እና አንድ ነገር ለማግኘት ታስቦ የሚደረግ። ብዙው ክርክር የሚበላሸው የአንዱን ማብራሪያ ለሌላው ስንለጥፍ ነው።

አደራ፣ ሰሞኑን ስለሆነ ነገር፣ ስለ እገሌ ልጅ እዚህ አይነሳ።

ቦርከና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

ከአንጎሉ ልጀምር። በግራና በቀኝ ጆሮ አቅጣጫ ወደ ውስጥ ዘለቅ ብሎ፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል አሚግዳላ የምትባል ክፍል አለች። ሰውየው ገና ሳያስብ አደጋን ቀድማ የምታይ እሷ ናት። ከግንባር ጀርባ ያለው የፊተኛው አንጎል ደግሞ ልጓም ነው፤ «ቆይ፣ ነገስ?» የሚለው እሱ ነው። ይህ ልጓም በስሎ የሚያልቀው ዘግይቶ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ፈረሱ በ15 ዓመቱ ይጋልባል፣ ልጓሙ ከአሥር ዓመት በኋላ ይደርሳል እንደማለት።

በፈረንጆች 1997 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት፣ ሰው ገድለው በአእምሮ ጤና ምክንያት ኃላፊ አይደለንም ብለው የተከራከሩ 41 ሰዎችን አንጎል በፔት ስካን (አንጎል ሲሠራ በሚያሳይ ምስል) አይቶ፣ በዕድሜና በጾታ ከሚመስሏቸው 41 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። የገዳዮቹ የፊተኛ አንጎል የሚያቃጥለው ስኳር አንሶ ተገኘ። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ብዙ የማይጠቀሰው በማግስቱ ዓመት የወጣው ነው፦ ያው ቡድን ገዳዮቹን ለሁለት ሲከፍላቸው፣ ጉድለቱ ጎልቶ የታየው በደም ፍላት በገደሉት ላይ ነው። አቅደው የገደሉት የፊተኛ አንጎላቸው ከጤነኛው ብዙ አይለይም። ከሥር ያለው የስሜት ክፍል ግን በሁለቱም ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል። የጦሳ_ሥር የ«ደም ፍላትና ቂም» አከፋፈል በስካን ላይ ታየ ማለት ነው።

ግን ልብ በሉ። ሥዕሉ የተነሣው ከግድያው በኋላ ነው። 41ዱም የተመረጡት «አእምሯችን ታሟል» ስላሉ ነው እንጂ ገዳዩን ሁሉ አይወክሉም። ደግሞ የቡድን አማካይ ነው፤ አንድ ሰው ስካን ተነሥቶ «ይህ ይገድላል» ማለት አይቻልም።

በጉዳት ረገድ ብዙ የሚነሣው በፈረንጆች 1966 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ሆኖ ሰው የጨረሰው ቻርልስ ዊትማን ነው። «ከሞትኩ በኋላ አንጎሌን መርምሩ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሲመረመርም ዕጢ ተገኘ። መርማሪው ኮሚሽን ግን ዕጢው አስተዋፅኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል ከማለት አላለፈም። ስለዚህ ሐኪም የሚጠይቀው እንዲህ ነው፦ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ስቶ ያውቃል? ለስንት ደቂቃ? የሚጥል በሽታ አለበት? የዋናውን ጥያቄ መልስ ግን ቤተሰብ ነው የሚያውቀው፦ ጠባዩ ከዚያ ቀን ወዲህ ተለውጧል ወይ? ድሮም ቁጡ የነበረና ከባጃጅ ወድቆ በወሩ ቁጡ የሆነ ሰው አንድ አይደሉም።

ላስታ84 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

«ዘራቸው ነው» ለሚለው። የዚህ ሐሳብ ትልቁ አራማጅ ሎምብሮሶ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር፤ በፈረንጆች 1876 ወንጀለኛ ሆኖ የተወለደ ሰው በመንጋጋውና በግንባሩ ይለያል ብሎ ጻፈ። ሲለካ ወደቀ። በ1960ዎቹ ደግሞ አንድ ትርፍ ዋይ ክሮሞሶም ያላቸው ወንዶች «የገዳይ ክሮሞሶም» አለባቸው ተባለ። በ1976 ዴንማርክ ውስጥ ከ4,000 በላይ ረጃጅም ወንዶች ተመርምረው ይህ ክሮሞሶም የተገኘባቸው 12 ብቻ ሆኑ። ከሌላው ሰው በዛ ብሎ እንደተፈረደባቸው እውነት ነው፤ ወንጀላቸው ግን ባብዛኛው ተራ ስርቆት ነበር።

ጠንከር ያለው ማስረጃ ኤምኤኦኤ የሚባለው ጂን ነው። አንጎል ውስጥ እንደ ሴሮቶኒን ያሉትን መልእክተኛ ኬሚካሎች የሚሰባብር ኤንዛይም የሚያሠራ ጂን ነው። በ1993 በአንድ የኔዘርላንድ ቤተሰብ ውስጥ ኤንዛይሙ ጨርሶ የማይሠራባቸው ወንዶች ተገኙ፤ ቁጣቸው ልጓም አልነበረውም። ይህ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ብዙ ወንድ ላይ ያለው የጂኑ ደካማ ዓይነት ነው። በኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ ከልደታቸው ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ልጆች ውጤት በ2002 ሲወጣ፣ ደካማው ጂን ብቻውን ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየም። ጂኑ ያላቸውም በልጅነታቸው የተበደሉም የሆኑት ግን ከወንዶቹ 12 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ በኃይል ወንጀል ከተላለፈው ፍርድ 44 በመቶውን ይዘው ተገኙ። በኋላ ከተደገሙት ጥናቶች ከፊሎቹ ደገፉት፣ ከፊሎቹ ይህን ያህል አላገኙም።

መንትዮችን ያጠኑት «ግማሽ ገደማው የዘር ነው» ሲሉ ደግሞ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይሰማዋል። አንድ እፍኝ ጤፍ ግማሹን በዋልካ፣ ግማሹን በጭንጫ ዝራው። በአንዱ ማሳ ውስጥ ባሉት አገዳዎች መካከል ያለው ልዩነት የዘር ሊሆን ይችላል፤ በዋልካውና በጭንጫው መካከል ያለው ግን የመሬቱ ነው። የመንትዮቹ አኃዝ ሰዎች እርስ በርስ በምን እንደሚለያዩ ይናገራል። «እገሌ ግማሹ ክፋት ከአባቱ ነው» አይልም። ጋብቻ ሲጠየቅ «ነፍሰ ገዳይ አለባቸው» ብሎ ልጅ መከልከል እዚህ ጥናት ላይ ሊቆም አይችልም።

ሐይቅ_ማዶ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

ወንድሞቼ፣ ትልቁን ነገር ዘላችሁታል። የተባበሩት መንግሥታት የወንጀል ጽሕፈት ቤት እንደሚለው በፈረንጆች 2017 በዓለም 464,000 ገደማ ሰው ተገድሏል። ከተጠርጣሪዎቹ ከአሥር ዘጠኙ ወንዶች ናቸው፤ ከሟቾቹም ከአሥር ስምንቱ። በቤት ውስጥ ሲሆን ይገለበጣል፦ በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛ ከተገደሉት 82 በመቶ ሴቶች ናቸው።

«ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ነዋ» ትሉ ይሆናል። ዝምድናው ደካማ ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ ከፉክክሩ ጋር ተያይዞ የሚወጣ እንጂ ከፉክክሩ በፊት ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራውን ሙከራ እዩ። ተማሪው በጠባብ ኮሪደር ሲያልፍ አንድ ሰው ሆን ብሎ ይገፋውና ይሰድበዋል። ከአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች የመጡት ባብዛኛው ሳቅ ብለው አለፉት። ስድብ ያልመለሰ ወንድ እንደ ተዋረደ በሚቆጠርበት በደቡቡ ያደጉት ግን ኮርቲሶላቸውም (የጭንቀት ሆርሞን) ቴስቶስትሮናቸውም ከፍ አለ። አያችሁ፣ ሆርሞኑን ያስነሣው ያደጉበት ወግ ነው። ባህልና ባዮሎጂን ሁለት ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማወዳደር የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሚስት ስለሚገድል ባል አንድ ነገር ብቻ፣ ምክንያቱም ሽማግሌዎች ያነቡታል ብዬ አስባለሁ። ከሁሉ አደገኛው ጊዜ ስትለየው ወይም ልለይህ ስትለው ነው፤ «በቃ ወጥታለች፣ ተርፋለች» የሚባለው ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት አንገቷን አንቋት የሚያውቅ ከሆነ የመግደል ዕድሉ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ቁስል ባይተው እንኳ። «መትቶሽ ያውቃል?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ይህን አያገኘውም፤ «አንቆሽ ያውቃል?» ብሎ ለብቻዋ ይጠይቃት፣ ባልየው ባለበት አይሁን። አዎ ካለች ያን ቀን «ታረቂና ግቢ» አይባልም።

ወረባቦ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:50

ታድያ ሁሉም አንጎል፣ ጂን፣ አስተዳደግ ከሆነ ማንን ነው የምናስረው?

ችሎት_ዳር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወረባቦ። ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ሁለት ደረጃ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ምክንያት፦ ዕድሜ፣ ሕመም፣ የአእምሮ ዕድገት መዘግየት ወይም የመሳሰለው ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት። ሁለተኛ፣ ውጤት፦ በዚያ ምክንያት ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት የሚያደርገውን መረዳት ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለ። አንደኛው ብቻ አይበቃም። «ዕጢ አለበት» ወይም «ጂኑ ደካማ ነው» ምክንያት ነው፤ ውጤቱ ካልታየ ነፃ አያወጣም። በከፊል የጎደለው ሰው ደግሞ አንቀጽ 49 አለለት፤ ቅጣቱ ይቀልለታል።

ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ከታየበት፣ ወይም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ሥር በሰደደ ሁኔታ ከተመረዘ፣ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲመረምረው ያዛል፤ ይህ አንቀጽ 51 ነው። በተግባር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምርመራው ከድርጊቱ ብዙ ወራት ቆይቶ ይደርሳል፤ ሰውየው እስር ቤት መድኃኒት ጀምሮ ተሽሎታል፣ ሐኪሙ ያየውን «ጤነኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ጥያቄው ግን ዛሬ እንዴት ነው ብቻ አልነበረም፤ ያን ዕለት እንዴት ነበር ነው። ለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ማስረጃ ወርቅ ነው፦ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ የተናገረው ቃል በቃል፣ ይተኛ እንደነበር፣ ይበላ እንደነበር፣ የጎረቤት ምስክር። ሌላው ስሕተት ሐኪሙ «በወንጀል ኃላፊ አይደለም» ብሎ መደምደሙ ነው። ዳኛው የሚገደደው በሳይንሳዊው ግኝት ብቻ ነው፤ ሕጋዊ መደምደሚያው የራሱ ሥራ ነው።

«ሰይጣን አሳሳተኝ» ስለተባለ የሚቀልል ቅጣት የለም። በከባድ በደል የተነሣ ቁጣ ግን ይታያል። ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከባድ በደል ደርሶበት፣ ለመረዳት በሚቻል የስሜት ግፊት ውስጥ የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ሊሆን ይችላል። አስቦና አቅዶ፣ ነውረኛነቱንና ጨካኝነቱን በሚያሳይ ሁኔታ ከሆነ አንቀጽ 539 ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ደም ፍላትና ቂም ሕጉም ውስጥ አሉ።

ቦርከና · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ስለ አእምሮ ሕመም ልጨምር፣ «እብድ ስለሆነ ነው» የሚለው በየቦታው ስላለ። ስኪዞፍሬኒያ (ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው ከሌላው የበለጠ ስጋት አለው፤ አብዛኛው ግን በሕይወቱ ማንንም አይገድልም፣ ይልቁንም እሱ ነው የሚደበደበው። ወሳኙ ሕክምና መጀመሩ ነው። የብዙ አገር ጥናቶች ሲደመሩ፣ ሕመሙ ጀምሯቸው ገና ሕክምና ካላገኙት ከ629 አንዱ፣ ሕክምና ካገኙት ደግሞ በዓመት ከ9,090 አንዱ ነው ሰው የገደለው። እኛ አገር ቡታጅራ ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት፣ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሲገኙ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ሁለቱን አኃዝ አስተያዩ።

ሟቹ ብዙ ጊዜ እናት፣ ወንድም፣ አብሮ አዳሪ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ እነዚህን ይወቅ፦ ለሦስትና አራት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፤ «ምግቤ ውስጥ መድኃኒት ጨመራችሁ» ብሎ ከቤቱ ምግብ መከልከል፤ «ግደለው የሚል ድምፅ ይመጣብኛል» ማለት፤ ሲተኛ ስለት ከራስጌው ማድረግ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከታዩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ጠበል ወይም ሼኽ ዘንድ ዱዓ የሚወስድ ይውሰድ፣ ማንም አይከለክልም፤ መርፌውንና ክኒኑን ግን አያቋርጥ። በተለይ «ጠበሉ እንዲሠራ መድኃኒቱን ተው» የሚለው ምክር ነው ሕመሙን የሚመልሰው።

ዋጃ_መስኖ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

እስካሁን የተባለው ደም መመለስን ለማስረዳት አይበቃም። ያንን ነው ከወልድያ ወደ ላይ ያለ ሰው የሚጠብቀው።

አንዱን ጠብ ቀረብ ብላችሁ እዩት። የውኃ ተራው የእሱ ነው፣ ሌሊት 8 ሰዓት። አካፋውን ይዞ ይወርዳል። ቦዩ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ዞሯል። አፈር ተንዶ ይሁን፣ ልጆች ነክተውት ይሁን፣ ጎረቤቱ ሰርቆ ይሁን አይታወቅም። እዚህ ላይ ነው የሥነ ልቦናው ቁልፍ፦ አንዳንድ ሰው ግልጽ ያልሆነን ነገር ሁሉ «ንቆኝ ነው» ብሎ ይተረጉማል። ይህ ልማድ በተደበደቡ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል፤ ላስታ ያነሣው የዱነዲን ነገር አንዱ መንገዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ ስድብ፣ በተለይ የእናት። ቀጥሎ ሦስተኛ ሰው ፋኖስ ይዞ ይመጣል። ተመልካች ሲኖር ወደ ኋላ ማለት ውርደት ይሆናል። አካፋው በእጅ ነው። አድሬናሊኑ በሰከንዶች ተነሥቷል፤ ኮርቲሶሉ ጫፍ የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። ማለት፣ «ተለያዩ» ተብለው ከተለያዩ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሰውየው ገና እየጋለ ነው እንጂ አልበረደም። ክላሽ ለማምጣት ወደ ቤት የሚሄደውም በዚህ ሰዓት ነው። ገላጋይ ሁለቱን ከለየ በኋላ ሄዶ መተኛቱ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ከእያንዳንዱ ጋር ሰው ይቀመጥ።

እስከዚህ ደም ፍላት ነው። አሁን ሟቹ ተቀበረ። የሟቹ ወንድም የተረጋጋ፣ ሠርቶ አዳሪ፣ አንጎሉ ጤነኛ ነው። ሳይኮፓት (ርኅራኄና ጸጸት የጎደለው ሰው) የሚለካበት መጠይቅ 20 ነጥቦች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ ከ40 ነው፤ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ 30 ላይ ነው መስመሩ። ይህ ወንድም ከሥሩ ይሆናል። ርኅራኄ አልጎደለውም፤ ለሟቹ የበዛበት ነው። ሙሾው ስሙን ይጠራዋል፣ ፉከራው ሱሪውን ይፈትሻል፣ ገበያ ላይ ዓይን ይከተለዋል። ቂም በሌላ ነገር አይኖርም፤ በማመንዠክ ነው የሚኖር። በሬ የበላውን መልሶ እንደሚያኝክ ነገሩን በየሌሊቱ ያኝከዋል፣ ባኘከው ቁጥር ደሙ እንደ አዲስ ይፈላል። ስለዚህ ደም መላሽ የታቀደም የጋለም ነው፤ የሁለቱ ክፍል ድንበር እሱ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። «ይጩህ፣ ይፎክር፣ ይውጣለት» የሚለውም አይሠራም፤ የበደለውን እያሰበ የቦክስ ጆንያ የሚደበድብ ሰው ቁጣው እንደሚጨምር በሙከራ ታይቷል።

ሐይቅ_ማዶ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:20

ዋጃ፣ የጎደለን ይህ ነው። የወሎ አበጋር (ደመኞችን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች) ሥርዓት ሲታይ ይህን ሥነ ልቦና ማንም ሳይጽፈው ያውቀዋል። ገዳይ ከአካባቢው ይርቃል፤ ደም የሚመለሰው በገዳዩ ብቻ ስላልሆነ ወንድሞቹና አጎቶቹም ከገበያና ከውኃ መውረጃ ይሰወራሉ። ሽማግሌዎች የሟች ቤት ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። እምቢታው የሥርዓቱ አካል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ወንድም ወንድሙን የሸጠ ይመስላል። ሽማግሌ እግሩ ላይ ሲወድቅ ግን መሸነፉ ውርደት መሆኑ ቀርቶ ክብር ይሆናል። ጉማ (የደም ካሣ)፣ መሐላ፣ ዱዓ፣ አብሮ መብላት በኋላ ይመጣሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያከብረው፣ ቃሉን ያፈረሰ ይረገማል የሚባል ነገር ደግሞ «ለምን ደምህን አልመለስክም?» ለሚለው ዝግጁ መልስ ይሰጠዋል፦ «አበጋር ይዞኛል»።

ቀበሮ_ሜዳ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:30

አረቄና ጫትስ? ደግሞ መሣሪያ ራሱ ያናድዳል የሚሉት እውነት ነው?

ቦርከና · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:05

አረቄ ልጓሙን ነው የሚያላላው። የሰከረ ሰው የሚያየው ፊቱ ያለውን ስድብ ብቻ ነው፤ ነገ፣ ልጆቹ፣ እስሩ ከዓይኑ ይወጣሉ። ጫት በዚያ መንገድ አይሄድም፤ ችግሩ የሚመጣው ብዙ ቀን ሲቃም፣ እንቅልፍ ሲጠፋና ጥርጣሬ ሲበዛ ነው፣ ምሽቱን በአረቄ «ምርቃና መስበር» ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። መሣሪያ ማየት ብቻውን ቁጣ ይጨምራል የሚለው የፈረንጆች 1967 ሙከራ ሲደገም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። የማያከራክረው ሌላ ነው፦ አካፋና ክላሽ ይዘው በእኩል ቁጣ የተጣሉ ሁለት ሰዎች፣ የአንዱ ጠብ ሆስፒታል ያልቃል፣ የሌላው መቃብር።

ወረባቦ_ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

አንድ ነገር ብቻ። ጉማ ከተከፈለ ክሱ ይቀራል ወይ?

ችሎት_ዳር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:35

አይቀርም፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። መጸጸቱና ካሣ መክፈሉ ግን በአንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የዕርቁ ሰነድ ከቅጣት አስተያየቱ በፊት ለፍርድ ቤቱ ይድረስ።

ሽማግሌዎች የሚስቱት ሌላ ነው፤ ቀኑን። «15 ዓመት ተፈርዶበታል፣ ጊዜ አለን» ይላሉ። አመክሮ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ በኋላ ስለሚፈቀድ ያ ሰው በ10 ዓመቱ ሊወጣ ይችላል፤ ቅድመ ፍርድ የታሰረበትም ይታሰብለታል። ደመኛው ይህን ስሌት ከሽማግሌው ቀድሞ ያውቀዋል። ዕርቁ ካልተያዘ፣ የሚፈታበትን ቀን ከማረሚያ ቤቱ መዝገብ ጠይቁና ከዚያ ቢያንስ ስድስት ወር ቀድማችሁ የሟች ቤት ሂዱ።